እማዬ አስባ ነው የምትመልስልኝ

እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በ2004 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጇን ለአያቴ ትታ ጅዳ ሄደች፤ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ በ2013 ተመለሰች። እኔ የምተዳደረው በኔትወርክ ሥራ ነው፤ ቢሮዎች ውስጥ ገመድ እዘረጋለሁ፣ ዋይፋይ አስተካክላለሁ። ባለፈው እሑድ ኮልፌ ቤቷ ቡና ላይ የተነጋገርነውን ነው የጻፍኩት። ስንጀምር ልጇ ሚጣ ከባሕር ዳር በቪዲዮ ደውላ፣ አውርታን፣ ገና ስልኩን መዝጋቷ ነበር።

እኔ፦ አየሽ ጥራቱን? ግንባሯ ላይ ያለችው ብጉር ሳትቀር ትታያለች። ያኔ ከጅዳ በኢሞ ስትደውዪ እኮ አፍሽና አፍንጫሽ አይለይም ነበር።

እታለም፦ አየሁ። ግን የት ሆና እንደምታወራ አላወቅኩም።

እኔ፦ ዶርም ነኝ አለችሽ እኮ።

እታለም፦ አለችኝ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጆች ናቸው። አንዷ ስትስቅ፣ በር ሲከፈት፣ ባልዲ ሲንኳኳ፣ ምንም የለም። ልጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶባት የምታወራ ነው የመሰለኝ።

እኔ፦ እሱን ያደረገው ስልኩ ነው። የአሁኖቹ አፖች የሰው ንግግር የሚመስለውን ያስቀሩና ሌላውን ያጠፉታል። ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው።

እታለም፦ ቃሉማ በደብዳቤም ይደርስ ነበር።

እኔ፦ ታዲያ ምን ጎደለሽ?

እታለም፦ ቆይ፣ እሱን በኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ አንተ መልስልኝ። አሁን እኔ ሳወራ አንተ ምን እያደረግህ ነው?

እኔ፦ እየሰማሁሽ ነዋ።

እታለም፦ መስማትህን በምን አወቅኩ? ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግህ ነው። «እህ» እንኳን አይደለም፤ ትንፋሽ ብቻ። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ አባትህም እንዲሁ ነው። «አዎ»ም ነው፣ «ቀጥዪ»ም ነው፣ «አይ ጉድ»ም ነው። ጅዳ የገባሁ ሰሞን ማዳሜ የደነገጥኩ እየመሰላት ዞር እያለች ታየኝ ነበር። በስልክ ግን ያ ትንፋሽ አይመጣም። እናቴ ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። ስለዚህ ትንሽ አውርቼ «እማ፣ አለሽ?» እላለሁ። እሷ «አለሁ፣ አለሁ» ስትል ደግሞ የጀመርኩት ወሬ ይበላሻል። የአሥር ደቂቃ ካርድ ሞልቼ አራቱን «አለሽ፣ አለሁ» ይበላዋል።

እኔ፦ እኔ በዚህ ሥራ ይህን ያህል ዓመት ስኖር አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ያ ትንፋሽ ጉሮሯችን ውስጥ ያለውን የድምፅ ገመድ አያንቀሳቅሰውም፤ ለማሽኑ ከነፋስ አይለይም። ዳታ ለመቆጠብ ሰው ዝም ሲል መላክ የሚያቆም ፕሮግራም አለ፤ እሱ ዝምታ ነው ብሎ ይተወዋል። ጫጫታ የሚያጣራው ደግሞ ጫጫታ ነው ብሎ ይጥለዋል።

እታለም፦ ሰላምታውንስ ምን አገኘው? የእኛ ሰላምታ እኮ ተራ ጠብቆ አይሄድም። እኔ «እንዴት ናችሁ» ስል፣ እሷ «ደህና ነሽ ወይ፣ ጤናሽስ» ስትል፣ ሁለታችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ነው የሚሞቀው። ስልኩ ስፒከር ላይ ሲሆን ግን አንዳችን ጥፍት እንላለን።

እኔ፦ ስፒከር ላይ ሲሆን የአንቺ ድምፅ ከእኛ ስልክ ወጥቶ በዚያው ስልክ ማይክ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከላከል ነገር አለ። እሱ ባይኖር የራስሽን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ መልሰሽ ትሰሚ ነበር። ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ግን ይምታታበትና አንዱን ያፍናል።

እታለም፦ የታፈነው ሰላምታው ነው። ቀስ በቀስ እያሳጠርነው መጣን። «ደህና ናችሁ?» «ደህና።» አለቀ። እናቴ «ልጄን ምን አገኛት፣ ሰላምታ እንኳ ጠላች» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር አሉ። እኔም እኮ እሷ የተቀየመችኝ ይመስለኝ ነበር።

እኔ፦ ሁለታችሁም መስመሩን ሳይሆን ሰውን ጠረጠራችሁ።

እታለም፦ መስመሩ ፊት የለው፣ ስም የለው። የማየው የእናቴን ፊት ነው። የባሰውን ልንገርህ። ሚጣ ሦስተኛ ክፍል እያለች እናቴ «ትምህርት ቤት ትመታለች» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ላልቶ ነው። ልጅቷን አስጠራሁና «እኔ እዚህ ሰው ቤት የምለፋው አንቺ የሰው ልጅ እንድትደበድቢ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። አለቀሰች፤ መልስ አልሰጠችኝም። ለካስ እናቴ ያለችው ጠብቆ ነው። የምትደበደበው ልጄ ነበረች፤ «እናትሽ ጥላሽ አረብ አገር ሄደች» እያሉ የሚመቷት ሌሎች ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ በላዩ ጨመርኩበት።

እኔ፦ ሁለቱ ቃላት እኮ ሲጻፉ አንድ ናቸው። የሚለያቸው «መ» እና «ታ» ላይ የምንቆያት ቅጽበት ብቻ ናት።

እታለም፦ ያቺ ቅጽበት የት ሄደች ታዲያ?

እኔ፦ ድምፅሽ እየተቆራረሰ ነው የሚላከው። ብዙ ጊዜ አንዱ ቁራሽ 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለአንድ ሰከንድ ንግግር 50 ቁራሽ ማለት ነው። እንደ ሰርግ አጃቢ መኪና አስቢው። ከሙሽራው ቤት ተከታትለው ይወጣሉ፤ መንገድ ላይ ግማሾቹን መብራት ያስቀራቸዋል፣ ሌላው በአቋራጭ ይገባል። የሚቀበለው ስልክ በር ላይ ቆሞ እስኪሰበሰቡ ይጠብቅና በተራቸው ያስገባቸዋል። ጨርሶ የቀረ ካለ ከፊቱ ያለፈውን የሚመስል ሠርቶ ክፍተቱን ይሞላል። ብዙ ከተጠራቀመበት ደግሞ አጠጋግቶ ቶሎ ቶሎ ያሳልፋቸዋል፤ ካነሰበት አንዱን ይለጥጠዋል። እንግዲህ አማርኛ ትርጉሙን የሚሸከመው በመጥበቅና በመላላት፣ በቆይታ ነው። ፕሮግራሙ የሚነካካው ደግሞ ያንኑ ቆይታ ነው። ያን ቀን ያሳሳተሽ ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሊያደርገው ግን ይችላል።

እታለም፦ እኔ ጅዳ ሩቅ ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ።

እኔ፦ አይደለም። ጅዳና አዲስ አበባ ቀጥታ ቢለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖር ድምፅሽ በ7 ሚሊሰከንድ ይደርሰናል። ዓይን እስኪርገበገብ አይፈጅም። የሚያዘገየው ሌላ ነው። እኛ የባሕር በር ስለሌለን መስመሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ነው የሚወጣው፤ ከዚያ አፑ ማሽኖቹን ወዳስቀመጠበት አገር ይዞራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ የተጨናነቀ የሰፈር ኔትወርክ፣ ግድግዳ ያዳከመው ዋይፋይ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ስልክ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወስድና ሲደመር አንድ ሰከንድ ያልፋል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል።

እታለም፦ እንግዲያው ያ አንድ ሰከንድ እኔ ቤት ምን እንደሠራ ስማ። ሳዑዲ በአፕ መደወልን ከፈቀደች በኋላ ነው።

እኔ፦ መስከረም 2010 ላይ ነው፤ ደንቡን ያሟሉት አፖች እንዲሠሩ የተለቀቁት።

እታለም፦ አዎ፣ ከዚያ በፊት በድብቅ ካልሆነ በካርድ ነበር። ሚጣ አሥር ዓመቷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ጣራ ላይ እወጣና እደውላለሁ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ትመጪያለሽ?» እኔ ወዲያው «በቅርቡ፣ የኔ እናት» እላለሁ። ወዲያው! አንድ ቀን እንኳ አላመነታሁም፤ መልሱ አፌ ላይ ነበር። እሷ ግን የምታየው ዝም ያለ ፊት ነው። አንድ፣ ሁለት ብላ ስትቆጥር ነው «በቅርቡ» የሚደርሳት። «ምሳ በላሽ?» ብላኝ ቢዘገይ ግድ የላትም። ያቺን ጥያቄ ግን ቆጠረችው። ለእናቴ «እማዬ አስባ ነው የምትመልስልኝ» ትላት ነበር። ይህን የነገረችኝ ከመጣሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ጸጉሯን ስሠራት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

እኔ፦ ይሄ ተጠንቷል፣ እታለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ከጃፓንኛ እስከ ዴንማርክኛ አሥር ቋንቋዎችን አወዳድሮ ነበር። አማርኛ የለበትም። ሰዎች ጥያቄ ተጠይቀው እስኪመልሱ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ። ከቋንቋ ቋንቋ ትንሽ ይለያያል እንጂ ሁሉም እዚያው ናቸው። እንዲህ የሚፈጥነው የምንናገረውን ሌላው ሰው ሳይጨርስ ስለምናዘጋጀው ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ትንሽ ሲሰፋ ጆሯችን ወዲያው ትርጉም ይሰጠዋል። አልፈለገም፣ ተጠራጠረ፣ የሚደብቀው ነገር አለ እንላለን።

እታለም፦ አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ያንን ታውቃለች?

እኔ፦ ሳታውቀው ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በስልክ አነጋገሩና መስመሩ ላይ ሆን ብለው መዘግየት ጨመሩበት፤ እስከ 1.2 ሰከንድ ድረስ። ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ግን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ልቡ እዚህ የሌለ፣ ብዙም የማይቀረብ ሰው አድርገው ገመቱት።

እታለም፦ ልጄም እንደዚያ ነው የገመተችኝ።

እኔ፦ ሌላም አለ። ስታናግሪያት የምታዪው የት ነበር?

እታለም፦ የት አያለሁ? ፊቷን ነዋ።

እኔ፦ ፊቷ ስክሪኑ መሐል ነው፤ ካሜራው ግን ጫፍ ላይ ነው። አንቺ ፊቷን ስታዪ እሷ የምታየው ዓይኗን የሰበረች እናት ነው።

እታለም፦ ውይ! «መቼ ትመጪያለሽ» ስትለኝ ዘግይቼ፣ ዓይኔን ሰብሬ፣ «በቅርቡ»። እኔ ብሆንስ አምናለሁ?

እኔ፦ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የነበረውን ፕላዝማ አስታወሰኝ። በ1997 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ጠብቆ «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ሳይመልስ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንመልስለት ነበር። በኋላ ተውነው።

እታለም፦ ሚጣም መጠየቋን ተወች። እኔ እኮ ጨከነች፣ አደገች ብዬ ነበር። ትንሽ ደስ ያለኝም ይመስለኛል፤ መልሱ ስለሚያስጨንቀኝ።

እኔ፦ ይሄ እኮ ቤተሰብ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ ያለችበት ኩክ ካውንቲ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የአብዛኛው ተከሳሽ የዋስትና ጉዳይ በቴሌቪዥን እንዲታይ አደረጉ፤ ዳኛው ችሎት፣ ተከሳሹ ሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ። ከባድ ወንጀሎች ብቻ በአካል መታየታቸው ቀጠለ። በኋላ መዝገቡ ሲጠና በካሜራ የቀረቡት ላይ የተጠየቀው የዋስትና ገንዘብ በአማካይ በ51 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በአካል በቀረቡት ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቀረ።

እታለም፦ ሰዎቹ ከፈሉት ማለት ነው።

እኔ፦ ከፈሉት፤ መክፈል ያልቻለ ደግሞ ታሰረ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ሳነብ መፍትሔው ጥራቱን ማሻሻል ነው እል ነበር። ፈጣን መስመር፣ ጥሩ ማይክ፣ የጠራ ድምፅ። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ጨዋታው ራሱ ይሞታል። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ኔትወርክ ሲደክም ካሜራውን አጥፍታችሁ አውሩ የምላቸው።

እታለም፦ ጥሩ ነው፣ ምከራቸው። ዳኛ ፊት ለሚቀርብም፣ ለሥራ ለሚፈትኑትም የጠራ መስመር ይድረሰው። እኔ ግን አሁን ያንን የቁም ሣጥኑን ነገር ልንገርህ። በ2011 እናቴ ስታርፍ ስልኩን ያነሳኸው አንተ ነህ።

እኔ፦ አስታውሳለሁ። መርዶው በስልክ እንዳይነገርሽ ተወስኖ ነበር። ጅዳ ያሉት የሰፈራችን ልጆች በዕረፍትሽ ቀን፣ አርብ፣ ተሰብስበው ሊያረዱሽ ነበር። አንቺ ረቡዕ ጠዋት ደወልሽ። ባላነሳው ትጠረጥራለች ብዬ አነሳሁት።

እታለም፦ «ኔትወርክ የለም፣ ምስሉ እምቢ አለ» አልከኝ።

እኔ፦ ካሜራውን አጥፍቼው ነው። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ከኋላዬ ድንኳን ተተክሏል። ኔትወርክ ሲደክም አፖቹ መጀመሪያ የሚጥሉት ምስሉን ስለሆነ ታምኚኛለሽ ብዬ ነበር።

እታለም፦ የምስሉንስ አምኜህ ነበር። ካርታው ነው።

እኔ፦ የቱ ካርታ?

እታለም፦ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ጠረጴዛው ላይ ሲመቱት ጧ ይላል። አንተ «ሁላችንም ደህና ነን» ትለኛለህ፣ ከኋላህ ጧ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጧ። የሰው ድምፅም አለ፤ ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሚሰማው ዓይነት። የእናቴ ቤት ረቡዕ ጠዋት ማን ነው ካርታ የሚጫወተው? ያ ቤት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሰማበት እኔ አውቃለሁ። ሬዲዮኗ ነው፣ ዶሮዎቿ ናቸው፣ የውሃ ጀሪካን ነው። «እማን አገናኘኝ» አልኩህ፤ «ተኝታለች» አልከኝ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ ለማዳሜ ልጆች ቁርስ ሠራሁ። ሁለት ቀን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አርብ የጓደኛዬ ቤት ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የገባሁት። እነሱ ናቸው የደነገጡት።

እኔ፦ ሰባት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም።

እታለም፦ ያረዳኸኝ አንተ ነህ ልበልህ? ልጅ ነበርክ፤ አደራ ተሰጥቶህ ነው። እና ድምፅህን አስተካክለህ ነበር፤ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ካርታው ባይሆን አላውቅም ነበር።

እኔ፦ የዛሬው ስልክ ቢሆን ካርታውን ያጠፋዋል። ድንገተኛና አጭር ድምፅ ነው፤ ንግግር አይመስልም። ማጣሪያው ለማጥፋት የሚፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው። የሰዉንም ጉምጉምታ አብሮ ይወስደዋል። የእኔ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

እታለም፦ የአንተ ድምፅ ደግሞ «ደህና ነን» ነው የሚለው።

እኔ፦ አዎ።

እታለም፦ ሁለት ቀን ሳላለቅስ እውል ነበር። አንተ ያ ይሻላል ትል ይሆናል፤ ወጉም የሚለው እንደዚያ ነው፣ ሰው ሳይከበኝ እንዳልሰማ። እኔ ግን ያን ሁለት ቀን ለማንም አልሰጥም። ሽንኩርት ስከትፍ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ከእናቴ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ገባህ ቁም ሣጥን ያልኩህ? ሚጣ ደህና ነኝ ትለኛለች። ደህና መሆኗን የምሰማው ግን ከእሷ አይደለም፤ ከክፍሉ ነው። ከሳቁ፣ ከበሩ፣ ከባልዲው።

እኔ፦ ማጣሪያውን ማጥፋት ይቻላል እኮ። በሁሉም ስልክ አይደለም፤ በእሷ ስልክ ግን የሚቻል ይመስለኛል። የሚጠፋው በእሷ በኩል ነው፣ ድምፁ የሚጣራው ከዚያ ሳይነሳ ስለሆነ። ያንቺንም ከዚህ አጠፋልሻለሁ።

እታለም፦ በል ደውልላት።

ደወልኩላት። ሚጣ ምን ሆናችሁ ብላ ደንግጣ አነሳችው። የት ገብታ ምን እንደምትነካ ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው አገኘችው። መጀመሪያ የመጣው የሆነ ሸካራ ነገር ነው፣ እንደ ዝናብ። ቀጥሎ የብረት አልጋ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማን፤ ከዚያ ሩቅ የሆነች ልጅ «ሳሙናዬን ማን ወሰደው?» አለች፣ ሌላዋ ሳቀች። ሚጣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ካፌው ምግብ፣ ለገና መኪና ከአሁኑ ካልያዘች እንደማታገኝ ታወራ ጀመር። እታለም ሲኒውን እንደያዘች ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ትንፋሿን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ሳብ አደረገች። ሚጣ «አለሽ?» ሳትል ወሬዋን ቀጠለች።